ሊንክ አልሆን ላለ የጂፒዩ ፕሮግራም ድራይቨር መንቀል መፍትሔ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ ለአንድ አንባቢ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጠያቂው በኩዳ (ኤንቪዲያ ለግራፊክስ ካርዶቹ፣ ማለትም ለጂፒዩ፣ ባዘጋጀው የፕሮግራም መጻፊያ) የጻፈውን ፕሮግራም አስቀድሞ ኮምፓይል ሲያደርግ (ወደ ማሽን ኮድ ሲለውጥ) ፋይሎቹ አንድ በአንድ ያለ ችግር እንደሚያልፉ፣ መጨረሻ ላይ ግን «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» የሚል ረጅም የስህተት ዝርዝር ወጥቶ ሥራው እንደሚቆምበት ገልጾ ነበር። ዓምዱም የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን የሲስተም ሶፍትዌር) እንዲነቅል፣ ከዚያ ድራይቨሩንም የኩዳ መሣሪያዎቹንም እንደ አዲስ እንዲጭን መከረው። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ስህተት ነው፤ ብዙ ጊጋባይት የሚያስወርድ በመሆኑም ኢንተርኔት በጥቅል እየገዛ ለሚሠራ ሰው ውድ ስህተት ነው። የጂፒዩ ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች እየበዙ ስለሆነና የሊንክ (ለየብቻ ኮምፓይል የተደረጉ ፋይሎችን ወደ አንድ ፕሮግራም የማገናኘት) ስህተት ብዙዎቹን ተስፋ ሲያስቆርጥ ስለማይ፣ ነገሩን በጥቂቱ ዘርዘር አድርጌ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

በመጀመሪያ ደረጃ ፕሮግራም ሊንክ በሚደረግበት ሰዓት ካርዱም ሆነ ድራይቨሩ ሥራ የላቸውም። ምንም ዓይነት የኤንቪዲያ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ የኩዳ ፕሮግራም ኮምፓይልም ሊንክም ማድረግ ይቻላል፤ ሶፍትዌር አምርተው የሚያከፋፍሉ ድርጅቶችም ካርድ በሌላቸው ሰርቨሮች ላይ፣ በኮንቴይነር ውስጥ ዘወትር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ድራይቨሩ የሚፈለገው የተጠናቀቀው ፕሮግራም ተነሥቶ ከካርዱ ጋር መነጋገር ሲጀምር ነው። ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ። ከዚያ ውጭ ግን ሊንክ ላይ ለቆመ ፕሮግራም ድራይቨር መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው።

አስቀድሞ ኮምፓይል ማድረግ ለምን እንዳስፈለገም መታወቅ አለበት። የኩዳ ኮምፓይለር ሁለት ዓይነት ውጤት ሊያስቀምጥ ይችላል። አንደኛው ፒቲኤክስ የሚባለው መካከለኛ ኮድ ሲሆን፣ ይህን ድራይቨሩ ራሱ ፕሮግራሙ በተነሣ ጊዜ ለካርዱ ወደሚገባ የማሽን ኮድ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ለአንድ የተወሰነ የካርድ ትውልድ ተብሎ አስቀድሞ የተዘጋጀ የማሽን ኮድ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ይመቻል፤ ነገር ግን ትልቅ ፕሮግራም መጀመሪያ ሲነሣ ረጅም ጊዜ ያስጠብቃል፤ በደንበኛው ማሽን ላይ ያለው ድራይቨር ፒቲኤክሱን ካዘጋጀው የኩዳ ዕትም ያረጀ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ለሌላ ድርጅት አስረክቦ የሚሄድ ባለሙያ ሁለተኛውን መንገድ ቢመርጥ ትክክል ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ያገለገሉ ካርዶችን ገዝቶ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው፤ ካርድ አምራቹ ግን ለአሮጌ ካርዶች የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ኩዳ 12 የኬፕለርን ትውልድ ተወ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኩዳ 13 ደግሞ ማክስዌልን፣ ፓስካልንና ቮልታን አንድ ላይ ተሰናበተ። ጂቲኤክስ 1080 የመሰለ አሁንም የሚሠራ ካርድ ያለው ሰው በኩዳ 12 መቆየት አለበት፤ በተዘጋጀ መልኩ የሚወርዱት ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸው የኮድ ስብስቦች) የእሱን ካርድ ሲተዉበትም ምንጭ ኮዱን አውርዶ ራሱ ኮምፓይል ከማድረግ ሌላ አማራጭ የለውም። አዲስ ካርድ ያለው ሰው ዓመት ሙሉ ሳያየው ሊያልፍ የሚችለውን የሊንክ ስህተት ይህ ሰው በአንድ ሳምንት ሊያየው የሚችለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ የኩዳ ፋይል በውስጡ ሁለት ፕሮግራም ይዟል፤ አንዱ ለሲፒዩ፣ ሌላው ለጂፒዩ። የኩዳ ኮምፓይለር የሚባለው ኤንቪሲሲ ብዙዎች እንደሚያስቡት አንድ ኮምፓይለር ብቻ ሳይሆን ሌሎች መሣሪያዎችን በተራ የሚያሠራ አስተባባሪ ነው። የሲፒዩውን ክፍል ለይቶ በሊኑክስ ላይ ለጂሲሲ፣ በዊንዶውስ ላይ ለማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ይሰጣል፤ የጂፒዩውን ክፍል ወደ ፒቲኤክስ፣ ከዚያም ፒቲኤክስኤኤስ በሚባለው መሣሪያ ወደ ማሽን ኮድ ያስለውጣል፤ በመጨረሻም ይህን የማሽን ኮድ ጠቅልሎ በሲፒዩው ኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይል ተደርጎ ገና ሊንክ ባልተደረገው ፋይል) ውስጥ ያስገባዋል። በመሆኑም ሊንከሮቹም ሁለት ናቸው። የሲፒዩውን ወገን የሚያገናኘው የተለመደው የሲስተሙ ሊንከር ኤልዲ ነው፤ የጂፒዩውን ወገን የሚያገናኘው ኤንቪሊንክ ይባላል። (ካርድን ከካርድ የሚያገናኘው ተመሳሳይ ስም ያለው ሃርድዌር ሌላ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ሲፈለግ ሁለቱ ተደበላልቀው ሰውን ግራ ያጋባሉ።)

ሊንከር ማለት በዕድር ስብሰባ ላይ ስም እየጠራ የቀረውን እንደሚመዘግብ ጸሐፊ ነው። ስም ይጠራል፣ ያልተገኘውን ይጽፋል፤ ሰውዬው ለምን እንደቀረ፣ ታምሞ ይሁን አድራሻ ቀይሮ፣ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» የሚለው መልእክት የፈንክሽኑ ኮድ ተሳስቷል ማለት አይደለም። አንድ ፋይል አለ ብሎ የጠራው ስም በቀረቡት ፋይሎች ውስጥ አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበትም «ምን ልጫን?» ሳይሆን ስሙን የጠራውና አጣሁ ያለው የትኛው መሣሪያ ነው የሚለው ነው። ይህም በራሱ በስህተቱ መስመር መጀመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

መስመሩ የሚጀምረው በፒቲኤክስኤኤስ ከሆነና «አንሪዞልቭድ ኤክስተርን ፈንክሽን» ካለ፣ ስህተቱ የሊንክ ቢመስልም ገና ሊንክ ላይ አልተደረሰም። ኤንቪሲሲ ካልታዘዘ በቀር በአንድ ፋይል ውስጥ ያለ የጂፒዩ ኮድ በራሱ የተሟላ ነው ብሎ ያስባል። በአንድ ፋይል የተጻፈ ከርነል (ተጠርቶ በጂፒዩው ላይ የሚሠራ ዋና ፈንክሽን) በሌላ ፋይል ያለን የጂፒዩ ፈንክሽን ከጠራ ይህ ግምት ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኩዳ 5 እስኪወጣ ድረስ የነበረው መፍትሔ ሁሉንም በአንድ ፋይል ማካተት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አርዲሲ የሚባለውን አማራጭ በማብራት ወይም ፋይሎቹን በዲሲ አማራጭ ኮምፓይል በማድረግ የጂፒዩው ኮድ ገና ሊገናኝ የሚችል ሆኖ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል።

ችግሩ ግን ከዚህ በኋላ ይወሳሰባል፤ የዓምዱ ጠያቂም የወደቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አርዲሲ ከበራ በኋላ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ግዴታ ይሆናል። ኦብጀክት ፋይሎቹ ሁሉ በዲሊንክ አማራጭ ለኤንቪሊንክ ቀርበው እሱ የሚያወጣው አንድ ተጨማሪ ኦብጀክት ፋይል በመጨረሻው ሊንክ ላይ ከሌሎቹ ጋር መግባት አለበት። ኤንቪሲሲ ራሱ መጨረሻውን ሊንክ ሲያደርግ ይህን ለተጠቃሚው ሳይናገር ይፈጽመዋል። ተጠቃሚው ግን እንደ ለመደው መጨረሻውን በጂሲሲ የሲ ፕላስ ፕላስ ትዕዛዝ በጂ ፕላስ ፕላስ ሲያደርገው ጂ ፕላስ ፕላስ ስለ ጂፒዩ ምንም ስለማያውቅ እርምጃው ይዘለላል። ውጤቱ «ኩዳ ሬጂስተር ሊንክድ ባይነሪ» በሚል የሚጀምርና የፋይሉን ስም በውስጡ የያዘ፣ ማንም ሰው በእጁ ጽፎት የማያውቅ ስም ጠፋ የሚል መልእክት ነው። ይህን ስም ያየ ሰው ምክንያቱን መገመት አይኖርበትም፤ የጂፒዩው ሊንክ አልተደረገም፣ ወይም ተደርጎ ውጤቱ በመጨረሻው ትዕዛዝ ላይ አልገባም።

ከዚህ ጋር በቀላሉ የሚምታታ ሌላ ስም አለ፤ «ኩዳ ሬጂስተር ፋት ባይነሪ» ወይም «ኩዳ ሎንች ከርነል» የሚል። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጎደለው ፕሮግራሙ ካርዱን የሚያዝበት የኩዳ ራንታይም ላይብረሪ ራሱ ነው። ኤንቪሲሲ ላይብረሪውን ሳይጠየቅ ይጨምረዋል፣ ጂ ፕላስ ፕላስ ግን ሲነገረው ብቻ። በስታቲክ መልኩ (ኮዱ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀድቶ) ከገባ ፒትሬድ፣ ዲኤል እና አርቲ የተባሉትን የሲስተም ላይብረሪዎችም አብሮ መጥቀስ ያስፈልጋል። ላይብረሪ የሚጠቀሰው ደግሞ ከሚፈልጉት ኦብጀክት ፋይሎች በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ ኤልዲ ስታቲክ ላይብረሪ ሲያጋጥመው የሚያወጣው እስከዚያ ሰዓት የተጠየቀውን ብቻ ነውና። ከርነል ከውስጡ ሌላ ከርነል የሚያስነሣ ከሆነ ደግሞ ለጂፒዩው ሊንክ ኩዳ ዴቭ አርቲ የሚባለው ላይብረሪ ይጨመራል።

አጣሁ የሚለው ኤንቪሊንክ ራሱ ሲሆን ከስህተቱ በላይ ያለው መስመር መነበብ አለበት። ብዙዎች የሚያነቡት «ኤረር» የሚለውን ብቻ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሱ በላይ ባለው «ዋርኒንግ» ውስጥ ተቀምጧል። ፋይሎቹ ለአርቲኤክስ 3090 ማለትም ለኤስኤም 86 (ኤስኤም የካርዱ ትውልድ መለያ ቁጥር ነው) ኮምፓይል ተደርገዋል እንበል። በዲሊንክ እርምጃ ላይ ግን የካርዱ ትውልድ ሳይጠቀስ ቀረ። ያን ጊዜ ኤንቪሲሲ የራሱን መነሻ ይወስዳል፤ ይህም በኩዳ 11 እና 12 ኤስኤም 52፣ በኩዳ 13 ኤስኤም 75 ነው። ኤንቪሊንክም በፋይሎቹ ውስጥ ኤስኤም 52 ፈልጎ ያጣል፣ በማስጠንቀቂያው ላይ ኤስኤም 52 በዚህ ፋይል ውስጥ የለም ይላል፣ ከዚያም ፈንክሽኖቹ ሁሉ እንደጠፉ ያመለክታል። ፈንክሽኖቹ ግን እዚያው ፋይል ውስጥ፣ በሌላ ትውልድ ስም ተቀምጠዋል። የሚያስፈልገው ኮምፓይል በተደረገበትና ሊንክ በሚደረግበት ትዕዛዝ ላይ አንድ ዓይነት የትውልድ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። በሌላ ሰው የተዘጋጀ ስታቲክ ላይብረሪ ሲጨመርም ላይብረሪው ያንን ትውልድ መያዙን አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ለዚህም ኩኦብጅዳምፕ የሚባለው የኩዳ መሣሪያ በፋይሉ ውስጥ ለየትኞቹ ካርዶች ኮድ እንዳለ ይዘረዝራል።

ስሙ ራሱ እንዴት እንደሚነበብም ላሳይ፤ እንደ እኔ እምነት ለጀማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ፈንክሽኖችን በተጻፉበት ስም አያስቀምጥም፤ የሚቀበሉትን የዳታ ዓይነት ከስሙ ጋር አጣብቆ ይጽፋል። «ስኬል» የሚል፣ በላቲን አምስት ፊደል ያለው ፈንክሽን ቢኖርና የፍሎት ፖይንተር፣ አንድ ፍሎት እና አንድ ኢንቲጀር ቢቀበል፣ ሊንከሩ የሚያየው ስም በአንደርስኮርና በዜድ ይጀምራል፣ የፊደሎቹን ብዛት 5 ብሎ ይጽፋል፣ ስሙን ያስከትላል፣ ከዚያ ፒ እና ኤፍ ለፖይንተሩ፣ ሌላ ኤፍ ለፍሎቱ፣ አይ ለኢንቲጀሩ ያስቀምጣል። አሁን ፈንክሽኑን ለሌሎች ፋይሎች በሚያስተዋውቀው ሄደር ፋይል ላይ የመጨረሻው ኢንቲጀር፣ ፈንክሽኑ በተጻፈበት ፋይል ላይ ግን ሎንግ ተብሎ ተጽፏል እንበል። ኮምፓይለሩ ሁለቱን ፋይሎች ለየብቻ ስለሚያይ ዝም ይላል። ሊንከሩ ግን በአይ የሚያልቅ ስም ሲጠራ ያለው በኤል የሚያልቅ ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ስሞች በመጨረሻዋ ፊደል ይለያያሉ። ኤንኤም የሚባለው ትዕዛዝ በኦብጀክት ፋይሉ ላይ ሲሠራ የተፈለገውን ስም በዩ፣ ያለውን በቲ ምልክት አድርጎ ያሳያል፤ ሁለቱን መስመሮች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ማየት ለሰዓታት ከመናደድ ያድናል።

በዚህ መንገድ የሚታወቁ ሌሎችም አሉ። በሲ የተጻፈ ፋይል የጠራው ስም እንዲህ ያለ ቅጥያ የሌለው ባዶ ስም ሲሆን የኩዳው ወገን ባለ ቅጥያ ስም ካስቀመጠ፣ በኩዳው ወገን «ኤክስተርን ሲ» የሚለው መግለጫ ጎድሏል። በቴምፕሌት (ለተለያዩ የዳታ ዓይነቶች በሚያገለግል ንድፍ) የተጻፈ ከርነል በኩዳ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ በተራ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ሲጠራ ደግሞ ኮምፓይለሩ ለተጠየቀው የዳታ ዓይነት ኮዱን አላመረተም፤ በኩዳው ፋይል ላይ ለየትኞቹ ዓይነቶች እንደሚመረት በግልጽ መጻፍ አለበት። በጠፋው ስም ውስጥ «ሲኤክስኤክስ 11» የሚል ቃል ከታየ፣ ወይም በተቃራኒው ላይብረሪው ይዞት የጠሪው ስም ካልያዘው፣ ጂሲሲ እ.ኤ.አ. በ2015 በ5ኛ ዕትሙ ባስገባው የስትሪንግ አቀማመጥ ለውጥ ሁለቱ ወገኖች አልተስማሙም ማለት ነው። ፓይቶርች ለሚባለው የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ ተጨማሪ ሞጁል የሚሠሩ ሰዎች ይህን ደጋግመው ያዩታል። እንዲያውም በእነሱ ላይ ስህተቱ የሚወጣው ሊንክ ሲደረግ ሳይሆን ሞጁሉ በፓይተን ሲጠራ ስለሆነ ይበልጥ ያደናግራል።

በዊንዶውስ ለሚሠሩም አንድ ሁለት ቃል ልበል። እዚያ መልእክቱ ኤልኤንኬ 2019 ወይም 2001 የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ትርጉሙ ያው ነው። ኤልኤንኬ 2038 ከሆነ ግን የጠፋ ስም የለም፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ወገን የሲ ራንታይሙን በስታቲክ፣ ሌላው በዳይናሚክ መልኩ ይዟል፤ በኤንቪሲሲ በኩል ለሚሄደው የሲፒዩ ክፍልም ያንኑ ምርጫ ማስተላለፍ ይገባል።

ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ የሚመጣው ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱም የኤንቪሊንክ ወሰን ነው። ኤንቪሊንክ የሚያውቀው ኦብጀክት ፋይልና ስታቲክ ላይብረሪ ብቻ ነው። ኤስኦ የሚል ቅጥያ ያለውን፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ ብቻ የሚጨመረውን ሼርድ ላይብረሪ አይመለከተውም። በአንድ ሼርድ ላይብረሪ ውስጥ ያለ የጂፒዩ ፈንክሽን በሌላ ሼርድ ላይብረሪ ውስጥ ካለ ከርነል ሊጠራ አይችልም፤ ይህን የሚያስተካክል አማራጭ ፍለጋ መድከም ዋጋ የለውም፤ መቀየር ያለበት የፕሮግራሙ አከፋፈል ነው። የሲፒዩ ፈንክሽኖች ብቻ ወሰኑን እንዲሻገሩ፣ እያንዳንዱ ላይብረሪም የራሱን የጂፒዩ ሊንክ በውስጡ እንዲጨርስ ማድረግ ይሻላል። በኩዳ 13 ደግሞ ከርነሎች ራሳቸው ከሼርድ ላይብረሪ ውጭ በመነሻው እንዳይታዩ ስለተደረገ፣ ቀድሞ ያለ ችግር ሊንክ ይሆን የነበረ ፕሮጀክት ዕትም ከፍ ሲል ሊቆም ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከርነሉን የሚያስነሣ ተራ ፈንክሽን በላይብረሪው ውስጥ ጽፎ ውጭ ያለው ኮድ እሱን እንዲጠራ ማድረግ። አንድን ኦብጀክት ፋይል ለሁለት የጂፒዩ ሊንኮች መስጠትም አይፈቀድም፤ ያን ጊዜ ስም ጠፋ ሳይሆን ስም ተደገመ የሚል ስህተት ይመጣል።

የኮምፓይልና የሊንክ ትዕዛዞችን የሚያዘጋጀውን ሲሜክ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ሁሉ በእጃቸው አይሠሩትም። ሆኖም ፋይሎችን ለየብቻ ኮምፓይል የማድረጉ ምርጫ፣ ሴፓረብል ኮምፓይሌሽን የሚባለው፣ በመነሻው የጠፋ ነው። ከበራ በኋላም ሲሜክ ለስታቲክ ላይብረሪ የጂፒዩውን ሊንክ እስከ መጨረሻው ፕሮግራም ድረስ ያዘገየዋል። ላይብረሪውን የሚወስደው ሌላ ሰው ሲሜክ የማይጠቀም ከሆነ፣ ለምሳሌ በተራ ሜክፋይል (በእጅ በተጻፈ የትዕዛዞች ፋይል) በጂ ፕላስ ፕላስ የሚያገናኝ ከሆነ፣ ላይብረሪውን ያዘጋጀው ሰው ሪዞልቭ ዲቫይስ ሲምቦልስ የሚለውን ምርጫ አብርቶ ማስረከብ አለበት። ይህ ባለመደረጉ የተነሣ በላይብረሪ አቅራቢና በተጠቃሚ መካከል የሚደረገው «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ክርክር ብዙ ነው።

አሁን ቀደም ሲል ወዳስቀረሁት ሁኔታ ልመለስ። ፕሮግራሙ የኩዳን ራንታይም ሳይሆን የድራይቨሩን ላይብረሪ በቀጥታ የሚጠራ ከሆነ ሊንከሩ ሊብ ኩዳ የሚባለውን ፋይል ይፈልጋል፤ ይህ ፋይል ደግሞ ከኩዳ መሣሪያዎች ጋር ሳይሆን ከድራይቨሩ ጋር የሚመጣ ነው። ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ሊንከሩ ላይብረሪውን አላገኘሁም ቢል አይገርምም። እዚህም ቢሆን ግን ድራይቨር መጫን አያስፈልግም። በኩዳ የላይብረሪ ማውጫ ውስጥ ስተብስ የሚባል ንዑስ ማውጫ አለ፤ በውስጡም ስሞቹን ብቻ የያዘ፣ ሥራ የማይሠራ ሊብ ኩዳ ተቀምጧል። ለሊንክ እሱን ማሳየት በቂ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ማውጫ ፕሮግራሙ በሚነሣበት ጊዜ በላይብረሪ መፈለጊያ መንገድ ላይ እንዳይቀር ነው፤ ከቀረ ፕሮግራሙ እውነተኛውን ድራይቨር ትቶ ባዶውን ይይዝና የስህተት ቁጥር 34 ይመልሳል።

ለሁሉም ካርድ እንዲሠራ ተብሎ የትውልዶች ዝርዝር ሲረዝም የሚመጣ ሌላ ስህተትም አለ፤ «ሪሎኬሽን ትራንኬትድ ቱ ፊት» የሚል። በዝርዝሩ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ትውልድ የሁሉንም ከርነሎች ሌላ ቅጂ ይጨምራል። የተጠናቀቀው ፋይል ከ2 ጊጋባይት ሲያልፍ በተለመደው የ64 ቢት አሠራር በ32 ቢት የሚጻፈው የርቀት ቁጥር አይበቃም። ዝርዝሩን ደንበኞች በእርግጥ ባሏቸው ካርዶች መወሰን ይቻላል። ለምሳሌ ለኤስኤም 80 የተዘጋጀ የማሽን ኮድ በኤስኤም 86 ካርድ ላይም ይሠራል፤ በአንድ ዋና ቁጥር ሥር ያለ ከፍ ያለ ካርድ የዝቅተኛውን ኮድ ይቀበላልና። ከ80 ወደ 90 ግን አይሻገርም። ለወደፊት ካርዶች ከዝርዝሩ መጨረሻ አንድ ፒቲኤክስ ማስቀመጥ ይበቃል። ዝርዝሩ ከመጠን በላይ ካጠረ ደግሞ ሊንኩ ያለ ችግር ያልፍና ፕሮግራሙ በደንበኛው ማሽን ላይ ሲነሣ ለዚህ ካርድ የሚሆን ከርነል የለም የሚለው የ209 ቁጥር ስህተት ይመጣል፤ ይህ ከሊንክ ስህተት የከፋ ነው፣ ምክንያቱም የሚያየው ደንበኛው ነው።

የኤንቪዲያን ብቻ በማንሣቴ ቅር የሚለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። የኩዳ አቻ በሆነው በኤኤምዲ ሮክኤም ላይም መነሻው ያው ነው፤ የጂፒዩ ኮድ ከፋይል ፋይል እንዲገናኝ የጂፒዩ አርዲሲ አማራጭ በኮምፓይልም በሊንክም ጊዜ መሰጠት አለበት። ዝርዝሩ ግን ይለያያል፤ ዓምዱ ቦታ ካለው በሌላ ጊዜ በእሱ የሚሠራ ሰው ቢጽፍበት መልካም ነው።

አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጥ ብባል ድራይራን የሚለውን የኤንቪሲሲ አማራጭ እመርጣለሁ። ይህ አማራጭ ምንም ሳይሠራ ኤንቪሲሲ በተራ ሊያሠራ ያሰባቸውን ትዕዛዞች ሁሉ እስከ ሙሉ አማራጮቻቸው በስክሪኑ ላይ ይዘረዝራል። በእጅ የተጻፈ ሜክፋይል ያለው ሰው የራሱን ትዕዛዞች ከዚህ ዝርዝር ጋር ቢያስተያይ የዘለለው እርምጃ ወይም የረሳው ላይብረሪ ወዲያው ይታየዋል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ምንም ነገር አያጠፋም።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ በመጪው ዕትም ድራይቨርን ስለ መንቀል የተሰጠው ምክር እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ዓምዱን ያነበቡ ወጣቶች ባልተበላሸ ድራይቨር ላይ እጃቸውን እንዳያነሡ ያስፈልጋል። ከዚሁ ጋር የዓምዱ አዘጋጆች እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚልኩ አንባቢዎችን ሦስት ነገር እንዲጨምሩ ቢጠይቋቸው መልስ መስጠት ይቀልላል፤ የመጨረሻውን ሊንክ ያደረገውን ሙሉ ትዕዛዝ፣ የኩዳውን ዕትምና የካርዱን ስም፣ እንዲሁም ከስህተቱ ዝርዝር መጨረሻውን ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን አሥር መስመሮች ማስጠንቀቂያዎቹን ሳይቆርጡ። ጠያቂው እነዚህን ከላከ መልሱን ለማዘጋጀት እኔም በበኩሌ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ